የክት ሰዓት ወይስ የመንገድ ሰዓት? ጅማ ላይ ሆኖ ለሚመርጥ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በግብርና ተመረቀ። ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጥቶ ሰዓት ሊገዛለት ተስማማ። ስምምነቱ ግን እዚያው ላይ ቆመ። እሱ የሚፈልገው ቀጭን፣ ነጭ ፊት ያለው፣ በቡናማ ቆዳ የሚታሰር፣ የአያቱን ሰዓት የሚመስል ነው። እናቱ ደግሞ «ሥራህ አጋሮ ነው፤ ጭቃና ሞተር ሳይክል ላይ ነው የምትውለው፤ ጠንካራ ነገር ነው የሚያስፈልግህ» አለችው። ሰዓት እንደምወድ ስለሚያውቁ ሁለቱም እኔ ዘንድ መጡ። «ጋሼ፣ አንተው ፍረደን» አለኝ ልጁ።

ፈረድኩ። ግን ለመፍረድ ብዙ ነገር ማስረዳት ነበረብኝ። ያስረዳሁትን እዚህ ልጻፈው፤ በዚህ ጥያቄ የሚቸገር ሌላም ሰው አይጠፋም።

እናቶቻችን ልብስን የክትና የዘወትር ብለው ይለያሉ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ዛሬ የክት ሰዓት የሚባለው ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ34 እስከ 39 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ቀጠን ያለ፣ ሸሚዝ እጅጌ ሥር ሹልክ ብሎ የሚገባ ነው። ፊቱ ላይ ብዙ ነገር የለም። የዚህ ዓይነት ሰዓት አባት ተብሎ የሚጠራው የስዊዘርላንዱ ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው ካላትራቫ የተባለው ሰዓት ነው፤ ስፋቱ 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ እንደ ኦሪየንት ባምቢኖ ያሉ ሰዓቶች ያንን የድሮ መልክ ይዘው በአዲስ ማሽን ይሠራሉ። ይሄን ለዩልኝ፦ የድሮ መልክ ያለው ማለት ድሮ የተሠራ ማለት አይደለም። በእውነት አሮጌ የሆነ ሰዓት ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት የተሠሩና ጨለማ ውስጥ እንዲያበሩ ተብለው የተቀቡ ሰዓቶች ላይ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ሊኖር ይችላል። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አይጠፋም፤ ራዲየም ግማሹ ለመጥፋት ብቻ 1600 ዓመት ይፈጃል። እንዲህ ያለውን ከፍቶ መነካካት አያስፈልግም።

የመንገድ ሰዓት ደግሞ ውሃ፣ አቧራና ምት እንዲችል ታስቦ የሚሠራ ነው። ጂ-ሾክ የሚባለው የካሲዮ ኩባንያ ሰዓት ታሪክ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ኪኩዎ ኢቤ የሚባሉ የካሲዮ መሐንዲስ አባታቸው የሰጧቸው ሰዓት ወድቆ ተሰበረባቸው። ከዚያ የማይሰበር ሰዓት እሠራለሁ ብለው ተነሱ። ወደ 200 የሚጠጋ ሙከራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1983 የመጀመሪያው ጂ-ሾክ ወጣ። ግባቸው ከ10 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ውሃ የሚችል፣ ባትሪው 10 ዓመት የሚቆይ ሰዓት ነበር። የተሰበረ የአባት ስጦታ መነሻው መሆኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጅማ ላይ ይሄን ምርጫ የሚወስነው ውሃ ነው።

ከተማችን ክረምት ላይ ብቻ አይደለም የሚዘንብባት። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሰማዩ አይታመንም። እኔ ራሴ የዛሬ ስድስት ዓመት ነሐሴ ላይ ቀጭን የክት ሰዓት አድርጌ ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ባጃጅ አላገኘሁም። ቤት ስደርስ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሷል። ሻጩ «30 ሜትር ውሃ ይችላል» ብሎኝ ነበር። ጀርባው ላይም ተጽፏል። እኔም አምኜ ነበር። በወሩ የሰኮንድ ቆጣሪው ቆመ፤ ሲከፈት ውስጡ ዝጓል። ያን ሰዓት እወደው ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

30 ሜትር ማለት 30 ሜትር ጠልቃችሁ መዋኘት ትችላላችሁ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። አዲስ ሰዓት በማይነቃነቅ ውሃ ውስጥ ያንን ያህል ግፊት ይደረግበታል፤ ካላስገባ ቁጥሩ ይጻፍለታል። እናንተ ዘንድ ግን ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ እጃችሁ ይወዛወዛል፣ ሰዓቱም ያረጃል። በተግባር 30 ሜትር ማለት እጅ ስትታጠቡ ቢረጨው ችግር የለውም ማለት ነው። 50 ሜትር ዝናብ ይችላል፣ ለአጭር ዋናም ይሆናል። 100 ሜትር ከሆነ ዝናብም፣ ዋናም፣ ወንዝ መሻገርም አያስጨንቃችሁም። ሙቅ ሻወር ግን ለየትኛውም ሰዓት ጥሩ አይደለም። እንፋሎቱ ያዳክመዋል።

ውሃውን የሚያግደው ጎሚኒ የሚባል ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው። አንዱ የጀርባው ክዳን ሥር አለ፤ አንዱ ወይም ሁለቱ የመሙያው ቁልፍ ውስጥ ናቸው። ጎሚኒ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ባትሪ ለመቀየር ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ 100 ሜትር የሚለው ጽሑፍ እውነት የሚሆነው ጎሚኒው ደህና እስከሆነ ድረስ ነው። ባትሪ ስታስቀይሩ ሰዓት ሠሪውን «ጎሚኒውን እየው፣ ቅባት ቀባው» በሉት። ደቂቃ አይፈጅበትም። አንዳንድ የመንገድ ሰዓቶች ላይ የመሙያው ቁልፍ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየዞረ ይጠብቃል። እሱን ሳታጠብቁ ከወጣችሁ 200 ሜትር ቢጻፍበትም ከክት ሰዓት አይሻልም።

ሰዓታችሁ ውስጥ እርጥበት ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሰዓቱን ፀሐይ ላይ አድርጉት፣ ለብ ይበል። ከዚያ መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ጣሉበት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጥረጉት። ከውስጥ በኩል ጉም ካያችሁ እርጥበት አለ፤ ዛሬውኑ ለሠሪ ስጡት። የአዲስ አበባን መንገድ የምትመላለሱ ይሄን ሳታስቡት ታዩታላችሁ። ጊቤ በረሃ ላይ ሰዓቱ ይሞቃል፣ ወደ ጅማ ስትወጡ ይቀዘቅዛል። ጉሙ ከታየ መንገዱ ፈተሸላችሁ ማለት ነው።

ሌላም ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ጅማ ውስጥ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። እጅ እስከ ክርን ይታጠባል፤ ውሃው ከሰዓቱ ሥርም መድረስ አለበት። የቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ከሆነ በቀን አምስት ጊዜ መፍታት፣ አምስት ጊዜ ማሰር ነው። ቆዳው ቀዳዳው ጋ ይላላል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ ክረምት ላይ ይሸታል። ቧንቧው ጠርዝ ላይ ተረስቶ የቀረውም ሰዓት ስንት ነው! ለእንዲህ ዓይነት ሰው በአንድ ጠቅታ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማሰሪያ ይሻላል ባይ ነኝ። ጎማ ማሰሪያም ጥሩ ነው።

ምትን በተመለከተ ያን ያህል አትፍሩ። መካኒካል ሰዓት፣ ማለትም ያለ ባትሪ በስፕሪንግ የሚሠራው፣ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ መንኮራኩር አለ፤ የሰዓቱ ልብ እሱ ነው። የቆመበት የዘንግ ጫፍ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ሰዓት ሲወድቅ የሚሰበረው እሱ ነበር። አሁን ግን ጫፉን የያዘችው ድንጋይ በትንሽ ስፕሪንግ ላይ ስለምትቀመጥ ምቱን ታበርደዋለች። የክት ሰዓቶችም ይሄ አላቸው። ቀኑን ሙሉ ሞተር ሳይክል ላይ የሚውል ሰው ግን የባትሪ ሰዓት ቢያደርግ እመርጣለሁ። በባትሪ ሰዓት ውስጥ በሰኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ የሚባል ክሪስታል አለ። በወር ቢሳሳት 15 ሰኮንድ ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው ኦቶማቲክ (እጅ ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚሞላው መካኒካል ሰዓት)፣ ለምሳሌ ኤንኤች35 የሚባለው የሴይኮ ማሽን፣ በቀን እስከ 40 ሰኮንድ ሊቀድም ወይም 20 ሰኮንድ ሊዘገይ እንደሚችል ፋብሪካው ራሱ ይናገራል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ግን ማግኔት ነክቶት ሊሆን ይችላል። የስልክ ስፒከር፣ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ወይም የቦርሳ መዝጊያ ላይ አታሳድሩት። ማግኔቱን ማስለቀቅ ቀላል ሥራ ነው፤ ሰዓቱ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

መስታወቱም ጥያቄ ነው። አቧራና አሸዋ ውስጥ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን አለ፤ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ከ10 ሰባት ነው። ተራው መስታወት ከዚያ በታች ስለሆነ ይጫራል። ሳፋየር የሚባለው 9 ስለሆነ አሸዋ አይጭረውም። የድሮ መልክ ያላቸው አንዳንድ ሰዓቶች የፕላስቲክ መስታወት አላቸው። ቶሎ ይጫራል፤ ግን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብታሹት ጭረቱ ይጠፋል። አይሰባበርም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለመንገድ ሰዓት ያዳላል። አንድ ነገር ላይ ግን ሻጮች ከሚሉት እለያለሁ። ይሄውም ጂኤምቲ የሚባለው ነው። የመንገድ ሰዓት ሲሸጥ አራተኛ ቆጣሪ እንዳለው ተነግሮ ዋጋው ይጨመራል። ያ ቆጣሪ በ24 ሰዓት አንዴ ብቻ ይዞራል። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ለፓን አሜሪካን አየር መንገድ አብራሪዎች ያዘጋጀው ሰዓት ነው ዝነኛ ያደረገው። አብራሪው ያለበትን አገርና የሌላ አገርን ሰዓት ባንድ እይታ ያያል።

እኛ ግን ከቤታችን ሳንወጣም በሁለት ሰዓት ነው የምንኖረው። አውቶቡሱ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ሲባል በሀበሻ ነው። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የምትበሩበት ትኬት ደግሞ በፈረንጅ ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ደግሞ በክብ ፊት ላይ ልክ ግማሽ ዙር ነው። ስለዚህ በማንኛውም ባለ 12 ቁጥር ሰዓት ላይ ከሰዓት ቆጣሪው ትይዩ ያለውን ቁጥር ብታነቡ ሌላኛውን ሰዓት አገኛችሁ። ቆጣሪው 7 ላይ ከሆነ ትይዩው 1 ነው። 10 ላይ ከሆነ 4 ነው። ደቂቃው አይለወጥም። የአያትህ ሰዓት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሁለቱንም ያነባል አልኩት። ደስ አለው።

ጂኤምቲ የሚጠቅመው ማን ነው? ሳዑዲ ያለች እህት ካለቻችሁ አያስፈልጋችሁም፤ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ዱባይ በ1 ሰዓት ብቻ ይቀድመናል፤ ለዚህም አያስፈልግም። ዋሽንግተን ልጅ ያለው ሰው ግን ይጠቀምበታል። እዚያ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናቸው፤ በሌሊት እየደወሉ ከማስደንገጥ ያድናል። ሌላም እኔ የምወደው አጠቃቀም አለ። ዋናዎቹን ቆጣሪዎች በሀበሻ፣ አራተኛውን በፈረንጅ ማድረግ ይቻላል። ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የ5 ስፖርትስ ጂኤምቲ ለዚህ ይመቻል፤ አራተኛው ቆጣሪ ለብቻው በአንድ አንድ ሰዓት ይዘላል። ውድ በሆኑት ላይ ደግሞ ለብቻው የሚዘለው ዋናው የሰዓት ቆጣሪ ነው። ያ የሚጠቅመው በየሳምንቱ አገር ለሚቀይር ሰው ነው።

የቀን መስኮቷስ? እዚህ ላይ ልቤ ወደ ክት ሰዓት ያደላል። ብዙዎቹ መስኮት የላቸውም፤ ለእኛ ደግሞ ይሄ እረፍት ነው። የሰዓት የቀን ቁጥር እስከ 31 ይሄዳል። የእኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቀን የሚጠቀም ሰው ወር በገባ ቁጥር አንድ ቀን መግፋት አለበት፤ ጳጉሜ ላይ ደግሞ 5 ወይም 6 ደርሶ ወደ 1 መመለስ ነው። በፈረንጅ ቀን የሚጠቀም ግን በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ያስተካክላል።

ማስተካከሉም አደጋ አለው። ቀኑ ከመለወጡ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ሰዓት ያህል ቀኑን የሚያዞሩት የማሽኑ ጥርሶች ተነካክተው ይቆያሉ። በዚያን ጊዜ ቀኑን በቁልፉ ከገፋችሁት ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ሰዓቱ በፈረንጅ ከተሞላ ይሄ የሚሆነው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ ሰው ተኝቷል። በሀበሻ ከተሞላ ግን ቀኑ የሚለወጠው 12 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 12 ላይ ከሆነ አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ይሆናል። ሰው ልብሱን ለብሶ ሰዓቱን አይቶ «ቀኑ ተሳስቷል» የሚለው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው! ብዙ ሰዓት በዚህ ምክንያት ይበላሻል ብዬ አምናለሁ። መፍትሔው አጭር ነው። ቀኑን ከመንካታችሁ በፊት ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት እያዞራችሁ ቀኑ እስኪለወጥ ጠብቁ፤ ከዚያ 6 ላይ አድርሷቸው። አሁን ቀኑን አስተካክሉ። በመጨረሻ ሰዓቱን ሙሉ።

እንግዲህ ፍርዱ። ቢሮ የምትውሉ፣ የምታስተምሩ፣ በመኪና የምትሄዱ ከሆነ የክት ሰዓት ግዙ፤ ዝናብ ሲመጣ ኪስ ውስጥ ክተቱት። ቆንጆ ነገር በየቀኑ ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ሥራችሁ ውጭ ከሆነና የምትገዙት አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ለመልክ ብላችሁ ውሃውን አትርሱ። ለእህቴ ልጅ ያልኩት ይሄን ነው። ኅዳር ላይ እሸት ቡና ሲደርስ ማጠቢያ ጣቢያ ነው የሚቆመው። እጁ ውሃ ውስጥ ነው። የቡናው ዝልግልግ ፈሳሽ በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞር ቀለበት ያለው ሰዓት ላይ ገብቶ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቀለበት የሌለው ይሁን። 45 ሚሊ ሜትር የሆነውን ትልቅ ሰዓትም ተወው አልኩት፤ የእጁ አጥንት ቀጭን ነው፣ ከመፈልፈያው ጋር እየተጋጨ ያስቸግረዋል።

የተስማማነው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው፦ 38 ሚሊ ሜትር፣ ውሃ 100 ሜትር፣ ሳፋየር መስታወት፣ ባትሪ፣ ነጭ ንጹህ ፊት፣ የቀን መስኮት የሌለው። የማሰሪያው መግቢያ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር። ይቺ 20 ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን በዚህ ልክ የሚሠራ ማሰሪያ በየሱቁ ስለሚገኝ አንድ ሰዓት ሁለት መልክ ይኖረዋል። ማሰሪያውን የያዘችው ትንሽ ስፕሪንግ ያላት ዘንግ ናት፤ ጫፏን በቀጭን ብረት ገፋ ስታደርጓት ትወጣለች። ሰዓቱ እንዳይጫር ፎጣ ላይ አድርጋችሁ ሥሩት። ዘንጓ እንዳትፈናጠርም በጣታችሁ ያዟት።

ሰኞ ዕለት በብረት ማሰሪያው አጋሮ ሄደ። ሰዓቱን በሀበሻ ሞላው። ቡናማውን የቆዳ ማሰሪያ እናቱ በወረቀት ጠቅልላ ከሱፍ ልብሱ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችለት። የአጎቱ ልጅ ሠርግ ጥር ላይ ነው።